ጉንጬ የዘለለባቸው ቀኖች

ታኅሣሥ 14 ቀን 2018፣ ማክሰኞ

ይህን ደብተር የገዛሁት ለጤና ነው። ጤና ጣቢያ ያለችው ሲስተር ናት ያዘዘችኝ። «መቼ መቼ እንደሚነሳብሽ፣ ምን ስትሠሪ እንደነበር፣ ምን እንደጠጣሽ፣ ስንት ሰዓት እንደተኛሽ እየጻፍሽ በወሩ አምጪልኝ» አለችኝ። የተማርኩት እስከ ስምንተኛ ነው፤ እጄ ግን ለመጻፍ አይሰንፍም። አፌም ለማውራት አይሰንፍም።

በሽታዬ ይህ ነው። ከግራ ዓይኔ ሥር ይጀምራል። መጀመሪያ ቆዳዬ ውስጥ አንዲት ቅማል የምትሄድ ይመስለኛል። ከዚያ ጉንጬን ቆንጥጦ ወደ ከንፈሬ ይጎትተዋል፣ ይለቀዋል፣ ይጎትተዋል። በመስታወት አየሁት። ቀፈፈኝ። የራስን ፊት መጸየፍ እንዴት ያለ ነገር ነው!

ሲስተር እንዳለችው እንቅልፍ ማጣት ያመጣዋል፣ ቡና ማብዛት ያመጣዋል፣ የዓይን ድካምም ጭንቀትም ያመጣዋል። ብዙውን ጊዜ በራሱ ይለቃል። ቡና በቀን ስንት እንደምጠጣ ስትጠይቀኝ አምስት ልል ብዬ ሦስት አልኳት። «ጨርቅ ለብ ባለ ውሃ ነክረሽ ያዢበት። ቡናውን ቀንሺ፣ በጊዜ ተኚ። ዓይንሽን ጨርሶ ከዘጋው ወይም አፍሽ ወደ አንድ ወገን ከወደቀ ግን ለነገ አትበይ፣ ቀጥ ብለሽ ሆስፒታል» አለች። ልወጣ ስል፣

«የሚያስጨንቅሽ ነገር አለ?»

«ኸረ ምንም የለ!»

ይህን ስል ጉንጬ ዘለለ። ካርዴን መለሰችልኝ።

የጀመረኝ በኅዳር መጨረሻ ነው፤ ወንድሜ በድረዲን ለቅቤ ሱቄ አዲሱን ቅቤ ማምጣት የጀመረ ሰሞን። ይህን የምጽፈው ቀኑን ለማስታወስ ያህል ነው።

ታኅሣሥ 16

ጥዋት 3 ሰዓት ላይ መጣ። አንዲት የገጠር ሴት ከበሳሉ ቅቤ ቆንጥራ እያሸተተች «ይኸ ከየት ነው እታለም?» ስትለኝ።

5 ሰዓት። ሌላዋ ደግሞ «ንጹሕ ነው አይደል?»

ከ6 እስከ 9 ሱቅ ዘግቼ ቤት ዋልኩ። ምንም የለ።

10 ሰዓት። ሱቅ ስከፍት።

ቡና ሦስት። እውነቱን አራት።

ፀሐዩ ይሆናል። ሱቄ በር ላይ ፀሐይ ይገባል።

ታኅሣሥ 19፣ እሑድ

አክስቴ ኡሙሃኒ የፊቴን ነገር ሰምታ ከዋጃ ድረስ መጣች። ሰማንያ ሊሞላት ነው፤ ከሚኒባሱ ስትወርድ ረዳቱን እየተሳደበች ነው የወረደችው። አገጬን ይዛ ወዲህ ወዲያ አዞረችኝ፣ በግ የምትገዛ ነው የሚመስለው።

«ነፋስ ነው። ላብሽ ሳይደርቅ ወጥተሽ ነው የመታሽ።»

የጥቁር አዝሙድ ዘይት ግንባሬንና ጉንጬን ቀባችኝ። ይሄስ ደግ፣ ሽታውን እወደዋለሁ። ከዚያ ከዘንቢሏ አንድ የውሃ ፕላስቲክ አወጣች። ውስጡ ቢጫ።

«ምንድን ነው?»

«ከአፋሮቹ ነው ያገኘሁት። በስንት ልመና።»

«አክስቴ፣ ምንድን ነው?»

«የግመል ነው። ያልወለደች ግመል ናት፣ ንጹሕ።»

«የግመል ምኗ?»

«አንቺ ደግሞ! ሁሉ ነገር በአፍ ካልተነገረሽ!»

ገባኝ። እምቢ ብል እርግማን ነው፤ ዓይኔን ጨፈንኩና ግራ ፊቴን አጠበችኝ። አስተግፊሩላህ። ትኩስ አቧራና ያረጀ ሽንት አንድ ላይ። በሎሚ ታጠብኩ፣ በሳሙና ደገምኩ፣ አሁንም አፍንጫዬ ውስጥ ተቀምጧል። ምሳ አልበላሁም።

ወንድሜ በድሩ ከውጭ ሲገባ ሳቀብኝ። «እትዬ፣ ግመል ግመል ትሸቻለሽ!»

«አንተም የሆነ ነገር ትሸታለህ» አልኩት። ለቀልድ ነው ያልኩት። እሱ ግን አልሳቀም፤ እጁን ኪሱ ከተተ።

ታኅሣሥ 22

ቅቤ ስሸጥ ሃያ ዓመቴ ነው። የልጄን የሀናን አባት፣ አላህ ይማረውና፣ ከሞተ ጀምሮ። የቆቦ ፀሐይ ቅቤን ምን እንደሚያደርገው አውቃለሁ። ታኅሣሥም ቢሆን ስድስት ሰዓት ሲል ዳር ዳሩን ያልበዋል፣ ከዚያ ይለሰልሳል፣ ዘጠኝ ሰዓት ላይ በጣት ቢነኩት ይገባል። ዛሬ ሳፋው ላይ የነበረው ልክ እንደ ሳሙና ቀጥ ብሎ ዋለ። ጣቴን ብጫነው ጣቴን መለሰው።

በድሩን ጠየቅኩት።

«ከደጋ የመጣ ነው እትዬ። የደጋ ላም የምትበላው ሣር ጠንካራ ነው።»

እሺ አልኩት። ሣሩ ይሆናል።

ጉንጬ ዛሬ አልቆመም። ቡና ሁለት ብቻ! ጨርቁንም ይዣለሁ። ምን ላድርገው ታዲያ?

ታኅሣሥ 25፣ ቅዳሜ

ስለ ቆንጅት መጻፍ አለብኝ፤ ከዛሬ ጀምሮ ፊቴን የምታሸኝ እሷ ናት።

ቆንጅት ጎረቤቴ ናት፣ ግድግዳችን አንድ ነው። ወጌሻ ናት። የግማሹ ቆቦ ሰው ቁርጭምጭሚት በእሷ እጅ አልፏል። ክርስቲያን ናት፣ እኔ ሙስሊም ነኝ። ቤቴ ውስጥ ለእሷ ብቻ የተለየች ድስት አለች፤ እሷም ቤት ለእኔ አለች። ሥጋ ሲሆን እሷ የክርስቲያኑን፣ እኔ የሙስሊሙን። ተጨቃጭቀንበት አናውቅም፣ እናቶቻችንም እንዲሁ ነበሩ። ቅቤና ማር ግን የሁለታችን ነው፤ ከየትኛውም ቤት ወደ የትኛውም ድስት ያለ ጥያቄ ይገባል። ቅቤ መሸጥ የምወደው ለዚህ ነው፤ የማልገባበት ቤት የለኝም።

«በቅቤ ካልታሸ አይለቅም» ብላ ቤቷ ገብታ በስኒ ይዛ መጣች። «ያው ያንቺው ነው። ለገናና ለአራሷ ብዬ የገዛሁት።» አራሷ የምትላት የልጇ የአላምረው ሚስት ናት፤ በጥር ትወልዳለች። ልጅቱ እናት የላትም፣ ስለዚህ የምትታረሰው ቆንጅት ቤት ነው።

«ጾም አይደለም እንዴ? እጅሽን ቅቤ ውስጥ ትነክሪያለሽ?» አልኳት።

«ካልላስኩት ምን አለው? ጉንጭሽን እንደሆነ አልልሰው!»

እየሳቅኩ ተጋደምኩላት። አውራ ጣቷ እንዴት ያለ ነው! ከጆሮዬ ሥር ይነሳል፣ አጥንቱን ይዞ እስከ አፍንጫዬ ይመጣል። ልተኛ ምንም አልቀረኝ። እጇ ሲሞቅ ቅቤውም ሞቀ፤ ሲሞቅ ሸተተኝ።

የዒድ ማግስት ሳይታጠብ ያደረ ድስት። ሞራ።

ለሌላ ሰው አይሸትም ይሆናል፤ የበሳል ቅቤው ሽታ ይሸፍነዋል። ቆንጅት ደግሞ የማሽላው ውቂያ አቧራ አፍንጫዋን ዘግቶባታል። እኔ ግን እንጀራዬ አፍንጫዬ ነው። 

«ምነው ፊትሽን አጨማደድሽው?»

«ስትጫኚኝ ነዋ።»

«ውሸታም። ገና አልተጫንኩሽም።»

ጉንጬ ከአውራ ጣቷ ሥር ዘለለ፣ እንደ እንቁራሪት።

ታኅሣሥ 26

ዛሬ በድሩ ዋጃ ስለሄደ ከኋላ ያለውን መጋዘን ከፈትኩ። ቁልፉ ሁልጊዜ የእኔ ነበር፤ ከኅዳር ወዲህ እሱ ጋ ነው። ሁለተኛ ቁልፍ እንዳለኝ ረስቷል።

ልጽፈው አልፈለግኩም። ግን ሲስተር ሁሉንም ጻፊ ብላለች።

በሩን ስከፍት ዝንቡ ፊቴ ላይ ፈሰሰ። ሦስት ትልልቅ ሳፋ። አንዱ ውስጥ ሞራ፣ ሥጋው ያልተላቀቀው፣ አንዳንዱ ላይ ፀጉር ያለበት። ሁለተኛው ውስጥ የሚረጋ ዘይት። በሦስተኛው ተቀላቅሎ ቀልጦ፣ በእርድ ቢጫ ተደርጎ፣ ከላዩ ትንሽ እውነተኛ በሳል ቅቤ ለሽታ ተጥሎበት ረግቷል። መማሰያው ምን እንደሆነ ልንገር? የተሰበረ የመጥረጊያ እጀታ። ጫፉ ላይ ከረጋው ውስጥ የዝንብ ክንፍ ወጥቶ ይታያል። በዚህ እጄ ነው «ቅመሱት» እያልኩ ለሰው በማንኪያ ጫፍ ስሰጥ የከረምኩት። እኔም ቀምሼዋለሁ። ግድግዳው ጥግ ሄጄ አስመለሰኝ።

እሱ ሲመለስ በሩ ላይ ቆሜ ጠበቅኩት። አልካደም፤ ቢክድ ይሻለኝ ነበር።

«መንገዱ ሲዘጋ ከላይ ከደጋው የሚመጣው ቅቤ ቀረ። ሱቁን ልዝጋው? ሰርጌ ደርሷል እትዬ። እስከ ሰርጉ ብቻ ነው፣ ወላሂ።»

«ሞራው የማን ነው? የትኛው ሥጋ ቤት?»

«ከሁለቱም የተጣለ ነው።»

«ከክርስቲያኑም? ከሙስሊሙም? አንድ ሳፋ ውስጥ?»

ትከሻውን ነቀነቀ። «ሞራ ሃይማኖት የለውም እትዬ።»

ይህን ያለኝ እኔ ያሳደግኩት ልጅ ነው። እናታችን ስትሞት የአርባ ቀን ልጅ ነበር። ጀርባዬ ላይ ነው ያደገው፣ ጀርባዬ ላይ ነው ያወራው። የመንደሩን ሙስሊም የክርስቲያን እርድ አበላ፣ የመንደሩን ክርስቲያን የሙስሊም እርድ አበላ፣ በእኔ እጅ፣ በእኔ ማንኪያ። ቆንጅት ሠላሳ ዓመት ለእኔ ብላ አንዲት ድስት ለይታ ታስቀምጣለች!

እሺ ያልኩት አይመስለኝም። እምቢም አላልኩም። «እጅህን ታጠብ» ብቻ ነው ያልኩት።

ታኅሣሥ 28፣ የገና ዋዜማ

ገበያው ተጣቧል። ቅቤ ቅቤ ይላል ሰው።

ጌታሁን፣ ያ የበግ ደላላው፣ ተራው ደርሶ ሚዛን ስይዝለት ጉንጬ ዓይኔን ጨምሮ ጎተተው። «ዘኪያ! በሰው ፊት ትጠቅሺኛለሽ? ሚስቴ እኮ እዚያ ጋ ቆማለች!» ሴቶቹ በሳቅ ሞቱ። እኔም ሳቅኩ። ቅቤውን መዝኜ ሰጠሁት።

ምን ያህል ጊዜ እንደመጣብኝ አላውቅም። ሳያቋርጥ የዋለ ነው የሚመስለው።

ሸጬዋለሁ። ይኸው ጻፍኩት።

ታኅሣሥ 30

ቆንጅት በጓሮው ግድግዳ ላይ አሻግራ ድፎ ዳቦ አቀበለችኝ። «የገናው ዶሮ እንዴት እንደጣመ! ቅቤሽ አሳመረው። አላምረው ጣቱን እየላሰ ነው የተነሳ።»

«እሰይ» አልኩ።

ዳቦውን መብላት አቃተኝ። ዳቦው ምን አደረገ?

ጥር 2፣ ቅዳሜ

ጎብዬ ደርሼ መጣሁ። ለሀናን ቅቤ ፈልጌ ነው። ሀናን ልጄ ወልድያ መድኃኒት ቤት ነው የምትሠራ፣ ሆዷ ስድስተኛ ወሩን ይዟል። ቅቤ አማረኝ ብላ ደወለች። የጎብዬ ቅቤ ዘንድሮ ጥሩ ነው ስለተባለ ለለውጥ ያህል ነው እንጂ ሌላ ምክንያት የለውም።

ከሀስና ነው የገዛሁት። ሀስና ቅቤ ሻጭ ናት፣ ከድሮ ጀምሮ አንዋደድም። ስታየኝ ዓይኗ ሳፋ አከለ።

«ዘኪያ? ቅቤ? ከእኔ?»

«ለልጄ ነው።»

«የልጅሽን ነገር አልኩ እንዴ? የቆቦው አለቀ ወይ?»

«አላለቀም።»

«አሃ» አለች።  እንደዚያ ያለች «አሃ» ሰምቼ አላውቅም። ከእንዲህ ያለ ጨዋነት ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

ከሀናን ቅቤ በጭልፋ ለራሴ አስቀረሁ። ለፊቴ። ባጃጁ ውስጥ ሆኜ ትንሽ ቀባሁት፣ ሣር ሣር ይሸታል፣ ወዲያው ለሰለሰ። እንባዬ መጣ። ቅቤ ሸትቶኝ ማልቀሴ ነው እንግዲህ።

ጥር 6

ሀናን ደወለች። ቅቤው ደርሷታል።

«እማ፣ ቤትሽ ሞልቶ ከጎብዬ ትገዢያለሽ?»

«የደጋ ነው ብለው ነው።»

«ድምፅሽ ምን ሆኗል?»

«ፊቴ ነው እንጂ ድምፄ ምን ሆነ።»

ቡናውን ጨርሶ ተይው አለችኝ። ሙዝ ብዪ፣ ውሃ ጠጪ፣ ስልክ ላይ አታፍጥጪ፣ እንቅልፍሽን ጠብቂ። ይህን ሁሉ አደርጋለሁ። ሙዝ በላሁ፣ ውሃ ጠጣሁ፣ በጊዜ ተጋደምኩ፣ ጨርቁን ለብ ባለ ውሃ ያዝኩ። ቤት ውስጥ ስሆን ይተወኛል። ሱቅ ስገባ እንደ ጠባቂ በሩ ላይ ይጠብቀኛል።

ጥር 8

ባጃጅ ውስጥ ከኋላዬ ሁለት ሴቶች። በነጠላዬ ተሸፍኜ አላወቁኝም።

«ባለቅቤዋ ቅቤ ገዛች አሉ!»

«የትኛዋ?»

«ያቺ ጉንጯ የሚዘለው።»

«ኧረ! የራሷን ለምን አትበላም?»

«እሱን አንቺ ጠይቂያት።»

ሳልደርስ ወረድኩ። ወሬው ግን በድሩ ጆሮ ቀድሞኝ ደርሷል። «በአደባባይ አሰደብሽኝ እትዬ። የሙሽራዋ ቤተሰብ ምን ይላል?» አለኝ። ኮቱ አዲስ ነው፤ ጥፍሮቹ ሥር ግን ቢጫ አለ። ያንን ጥፍር እያየሁ ምሳ አቀረብኩለት። በላ። በዚያ ጣት።

ጥር 12፣ የጥምቀት ማግስት

ቆንጅት ልታሸኝ መጣች። ጨዋታ የለ፣ ቀጥታ ጉንጬን ያዘች። 

«ከሀስና ገዛሽ አሉ።»

«ለሀናን ነው። ለለውጥ።»

ጉንጬ ከጣቷ ሥር ተነሳ።

«የእኛስ? የቆቦው ደህና ነው?»

«ደህና ነው።»

ዘለለ። እጇን አላነሳችም።

«ዘኪዬ፣ ጀርባዬ ያማል የሚለኝ ሰው መዋሸቱን በእጄ ነው የማውቀው። ይኸ ነገርሽ የሚብሰው ስትናገሪ ነው እንጂ ዝም ስትይ አይደለም። ነፋስ ከሆነ እንግዲህ ከአፍሽ ነው የሚወጣ።»

ሳቅኩ። እሷ አልሳቀችም። እጇን በጨርቅ ጠረገችና «ነገ አልመጣም፣ ምራቴ ቀኗ ደርሷል» ብላ ወጣች።

ልነግራት ነበር። ወላሂ ምላሴ ላይ ነበር። በድሩ ደግሞ ሰርጉ ሁለት ሳምንት ቀርቶታል።

ጥር 17

ሴት ልጅ! ጤና ጣቢያ በሰላም ተገላገለች። ግድግዳው በእልልታ ተንቀጠቀጠ።

ጥር 18

ከዙሁር ሶላት በኋላ ነው የምጽፈው። 

አራሷ ጥዋት ቤት ገባች። ነጠላዬን አጣፍቼ ሄድኩ። አምስት ስድስት የጎረቤት ሴቶች ተቀምጠዋል፣ ገንፎው ይገነፋል። ሲስተር ለሕፃኗ ከጡት በቀር ምንም እንዳትሰጡ ብላ አስጠንቅቃ ነው የላከቻቸው። ግን ያው የእኛ ሰው ነው፣ ሕፃን ቤት ሲገባ ቅቤ በጣት ሳይቀምስ እንዴት ይሆናል? «ጠብታ ምን ታደርጋታለች» ተባለ። ቆንጅት በስኒ አመጣችው። ቢጫ፣ ቀጥ ያለ። ምድጃው አጠገብ ቆይቶ እንኳን አልለሰለሰም።

«ዘኪያ ታቅምሳት» አለች ቆንጅት በሰው ፊት። «የእሷ እጅ ቅቤ የያዘ እጅ ነው። ንጹሕ ነው።»

ለምን እንዲህ አለች? ይቅር ልትለኝ ነው ወይስ ልትፈትነኝ? ዓይኗን አየሁ፣ አላወቅኩም።

ስኒው እጄ ላይ ተቀመጠ። ጣቴን ነከርኩ። ሕፃኗ አፏን ከፍታ ወዲህ ወዲያ ትፈልጋለች፣ ዓይኗን ጨፍና። ይህን ጣቴን መጀመሪያ ያወቀው የበድሩ አፍ ነው፤ የአርባ ቀን ልጅ ሆኖ፣ ሲያለቅስ ከጎረቤት ተለምኖ በመጣ ቅቤ ያባበልኩት በዚህችው ጣት ነው። ከጣቴ ጫፍ ያ ሽታ መጣ። የድስቱ። የመጥረጊያው እጀታ። ከንፈሯ ሊነካኝ አንድ ጣት ሲቀረው እጄን ወደ ኋላ ሳብኩ።

«አይሆንም» አልኩ። «ሞራ አለበት።»

«የምን ሞራ?» አለች ቆንጅት።

«ከሥጋ ቤት። ከሁለቱም ሥጋ ቤት። በዘይት አቅልጠን ነው የምንሸጠው።» እሱ አላልኩም። እኛ አልኩ።

ገንፎ የምትገነፋዋ ሴት ማማሰሏን አቆመች። አንዷ «በስመ አብ» አለች፤ ከወዲህ ያለችው የእኛዋ ዘይነባ «ያ አላህ» ብላ አፏን በሻሿ ያዘች። ሁለቱም በአንድ ጊዜ።

ቆንጅት ብቻ አልጮኸችም። «መቼ አወቅሽ?»

«ከገና በፊት።»

«ከገና በፊት» አለች፣ ቀስ ብላ። «እኔ ቅቤሽ አሳመረው ስልሽ።»

«አዎ።»

«ለሀናን ከጎብዬ ስትገዢ።»

«አዎ።»

ሕፃኗን ከአራሷ ጭን አነሳችና ምንም ያልነካውን ከንፈሯን በነጠላዋ ጫፍ ጠረገችው። ደጋግማ። ከዚያ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። ሴቶቹ መንገድ ለቀቁልኝ፤ ቀሚሳቸው እንዳይነካኝ ሰብስበው። ወጣሁ።

ጉንጬ? አላስተዋልኩም።

ጥር 20

ሳፋዎቹን አወጣሁ። ጓሮው ላይ ጉድጓድ ቆፍሬ ደፋሁት። እጄ እስከ ክርኔ ድረስ ያ ነገር ሆነ፣ ሳጥበው ውሃው አይይዘውም፣ ይንሸራተታል። የመንደሩ ውሻ ሁሉ ተሰበሰበ። በዱላ ስከለክል አላምረው በአጥሩ በኩል ቆሞ አየኝ። «ኖራ ካልጨመርሽበት ያወጡታል» አለ። ኖራ አምጥቶ ደፋበት። ስለ ሕፃኗ ጠየቅኩት። «ደህና ናት» ብሎ ሄደ። እትዬ አላለኝም። ከልጅነቱ ጀምሮ እትዬ ነበርኩ።

በድሩ ልብሱን ይዞ ወጥቷል። «ቤቴን አፈረስሽው። የገዛ እህቴ!» አለኝ። የሙሽራዋ አባት ሰምተው ሰርጉን ለኋላ ብለዋል፤ ለኋላ ማለት ምን እንደሆነ ሁላችንም እናውቃለን። ልቤ ተከተለው። አስጠላኝ ብዬ ልተወው እፈልጋለሁ፣ ግን ያ ሥሩ ቢጫ ያለበት ጥፍር እንኳ የእኔ ልጅ ጥፍር ነው።

አንድ ሽማግሌ ሱቄ በር ላይ ቆመው ምራቃቸውን ተፉ። ደንበኛዬ ነበሩ። ተፍተው ሲያበቁ በከዘራቸው አፈር አለበሱበት፣ ጨዋ ሰው ናቸው። እኔም ብሆን እተፋ ነበር።

ጥር 27

ሲስተር ጋ ሄድኩ። «ደብተሩስ?» አለችኝ። ቤት ረሳሁት አልኳት። ቦርሳዬ ውስጥ ነበር።

ጉንጬ ዘለለ። አየችው።

«ቀንሷል ወይስ ያው ነው?»

«ቀንሷል። እንቅልፍም ትንሽ ይወስደኛል። ግን አልተወኝም።»

«አንዳንዱ ጊዜ ይወስዳል። እስከ ፋሲካ ካልለቀቀሽ ወደ ወልድያ ሆስፒታል እጽፍልሻለሁ» አለች።

እውነቱን ልንገር? ያን ቀን ተናግሬ ስወጣ ፊቴ ወዲያው የሚድን መስሎኝ ነበር። እንዲያውም ለመዳን ብዬ ነው እንዴ የተናገርኩት? ይህን ሳስብ ከሳፋው ይልቅ የገዛ ራሴ ቀፈፈኝ።

ሱቁ ውስጥ ማር ብቻ ነው ያለኝ። ሰው ማሩን ያያል፣ እኔን ያያል፣ ያልፋል።

የካቲት 8፣ እሑድ

የክርስቲያኖቹ ቅበላ ነው፤ ነገ ጾም ይይዛሉ። እኛም ረመዳን በሰሞኑ ነው። ከግድግዳው ማዶ ሳቅና የድስት ክዳን እሰማለሁ። ሦስት ሳምንት ሙሉ በዚያ ግድግዳ በኩል ምንም አልተቀበልኩም፣ ምንም አላቀበልኩም። ለእሷ የለየኋትን ድስት አወረድኳት፣ አጠብኳት፣ መለስኳት።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ በሬ ተንኳኳ። ቆንጅት። በሩ ላይ ቆመች፣ ግቢ ካልተባልኩ አልገባም እንደሚል ሰው። ሠላሳ ዓመት እንዲህ ቆማ አታውቅም።

«ግቢ እንጂ!»

ገባች። ስትቀመጥ ጉልበቷን ይዛ አቃሰተች።

«ምን ሆንሽ?»

«የንስሐ አባቴ ናቸው። የበላሁትን ነግሬያቸው ስግደት ሰጡኝ። ቤተሰቡን በሙሉ! አላምረው ሳይቀር ይሰግዳል። በአንቺ የተነሳ ወጌሻዋ ወጌሻ ልትፈልግ ነው።»

ልሳቅ ወይስ ላልቅስ አላወቅኩም። «አፉ በይኝ» አልኩ።

 ፊቴን አየችው። «አሁንም አለ?»

«አለ። ትንሽ።»

«ተጋደሚ።»

ተጋደምኩ። ከነጠላዋ ጫፍ አንድ ቋጠሮ ፈታች፤ ትንሽዬ የመድኃኒት ጠርሙስ፣ ውስጡ የሰሊጥ ዘይት። በሞላው ቤቴ ውስጥ ከሚቀባ ነገር አንዱንም ቀና ብላ አላየችም።

«የራሴን ይዤ መጣሁ» አለች።

«ደግ አደረግሽ።»

አውራ ጣቷ ከጆሮዬ ሥር ተነሳ። ጥቂት ጠነከረ፣ ከድሮው ይልቅ ያማል። አጥንቱን ይዞ መጣ። ከዓይኔ ሥር ሲደርስ ያ ነገር አንዴ ተነሳ፣ ተንቀጠቀጠ፣ ከጣቷ ሥር ተኛ።

«ልጅቱ ስሟ ማን ተባለ?» አልኩ፣ ዓይኔን ሳልገልጥ።

«ለክርስትናዋ ቀን ትሰሚያለሽ።»

ትሰሚያለሽ አለች። አትመጪም አላለችም። ነይም አላለችም።

ስትጨርስ ጠርሙሱን ትታልኝ አልሄደችም። ክዳኑን አጥብቃ በነጠላዋ ጫፍ መልሳ ቋጠረችው፣ ቋጠሮውን በጥርሷ ሳብ አደረገችና፣ ጉልበቷን ይዛ ተነሳች። «ነገም በዚሁ ሰዓት» አለች።